«የዕንቁ ጉትቻ ያደረገችው ልጃገረድ»ን በመቅዳት የዘይት ቀለም ፖርትሬት መማር፦ የአንድ የቪዲዮ ኮርስ ግምገማ

በዘይት ቀለም የሰውን ፊት መሣል፣ ማለትም ፖርትሬት፣ ለመማር ከሚመረጡት የቆዩ መንገዶች አንዱ የታላቅ ሠዓሊን ሥራ ከፊት አስቀምጦ መቅዳት ነው። እዚህ የምገመግመው በቪዲዮ ተቀርጾ የሚሸጥ ኮርስ ይህንኑ መንገድ ይከተላል፤ ተማሪውም ከመጀመሪያው ትምህርት እስከ መጨረሻው ከአንድ ሥዕል ጋር ብቻ እንዲቆይ ያደርጋል። የተመረጠው ሥዕል ሆላንዳዊው ዮሐንስ ቬርሜር እ.ኤ.አ. በ1665 ገደማ የሠራውና ዛሬ በዘ ሄግ ከተማ በማውሪትስኸይስ ሙዚየም የሚገኘው «የዕንቁ ጉትቻ ያደረገችው ልጃገረድ» ነው። ኮርሱን ብሩሽ ይዤ ደረጃ በደረጃ ተከትዬ ጨርሻለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ሥዕሉ በተሠራበት ቅደም ተከተል እንድንሠራ በሚመራን ክፍሎቹ ኮርሱ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የሥዕሉን የላይ ገጽታ ብቻ እንድናስመስል በሚያዝባቸው ክፍሎች ግን ተማሪው ጥሩ ቅጂ ይዞ ትንሽ እውቀት ብቻ እንዲያተርፍ ያደርገዋል። ከዚህ በታች የማቀርበው ሁሉ የዚህ ፍርድ ማብራሪያ ነው።

የሥዕሉ ምርጫ ራሱ ምስጋና ይገባዋል። ሥዕሉ 44.5 በ39 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ተማሪው በእውነተኛ መጠኑ ሊቀዳው ይችላል፤ ብርሃኑ ከግራ በኩል ብቻ ይመጣል፤ ከበስተኋላ ያለው ጨለማ ነው፤ እጅ የለም፣ የቤት ዕቃ የለም፣ ዓይን የሚሰርቅ ሌላ ነገር የለም። ዋናዎቹ ቀለማት የቆዳው ሮዝማ ቀለም፣ የጥምጥሙ ሰማያዊ፣ የልብሱ ብጫማ ቡኒ፣ የአንገትጌው ነጭና የከንፈሩ ቀይ ናቸው። ጀማሪን ሰው የሚያሸንፈው ብዙውን ጊዜ የነገሮች ብዛት ነውና ይህ ቁጥብነት ትልቅ እርዳታ ነው። ከዚህም በላይ ይህ ሥዕል በሳይንሳዊ መሣሪያ በጥልቀት ከተመረመሩት የዓለማችን ሥዕሎች አንዱ ነው። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2018 በጎብኚዎች ፊት፣ በመስታወት በተከለለ ክፍል ውስጥ ባካሄደው ምርመራ ሥዕሉ ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደተገነባ ብዙ ነገር ታውቋል። አንድን ሥዕል በቅጂ ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ ሀብት አይገኝም። ኮርሱ ከዚህ ሀብት የተጠቀመው በከፊል ብቻ መሆኑ በየቦታው ይሰማኛል።

የመጀመሪያው ክፍል ስለ ንድፍ ነው። አስተማሪው ምስሉን በካሬዎች ከፍሎ ወደ ሸራው ማዛወርን ያሳያል፤ ካሬ የማስመር ዘዴው ግልጽ ነው፣ ስህተትንም ይቀንሳል። ሆኖም ኮርሱ የሚያዘው ሸራ 50 በ40 ሴንቲሜትር ነው። የዋናው ሥዕል ቁመትና ስፋት ግን ከዚህ ጋር አይመጣጠንም፤ ስፋቱን ወደ 40 ብናሳድገው ቁመቱ 45.6 አካባቢ ይሆናል፤ ስለዚህ ከ4 ሴንቲሜትር በላይ የሚሆን ቦታ ይተርፋል። ኮርሱ ይህን ትርፍ ቦታ ከጭንቅላቷ በላይ በጨለማ እንድንሞላው ያደርጋል። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በፖርትሬት ውስጥ ፊቱ በሸራው ላይ የት እንደተቀመጠ፣ ከላይ ምን ያህል አየር እንደተተወለት፣ ከጎን ምን ያህል እንደተጠጋ የሥዕሉ ስሜት ግማሽ ነው። ልጅቷ ወደ እኛ ዞር ስትል ቅርብ ሆና የምትታየን ቬርሜር ቦታውን ስላጠበበባት ነው። ከላይ ባዶ ቦታ ሲጨመርላት ዝቅ ትላለች፣ ትርቃለችም። ስለዚህ ኮርሱን ለሚጀምር ሰው የምመክረው ሸራውን በዋናው መጠን እንዲያስወጥር፣ ወይም 50 በ40ውን ሸራ ገዝቶ ትርፉን ከመጀመሪያው በመስመር እንዲቆርጠው ነው።

ስለ ካሬ ማስመር ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። ካሬው መጠንን ይሰጣል፤ ዓይንን ግን አያሠለጥንም። የኮርሱ መልካም ጎን ይህን ማወቁ ነው፤ ንድፉ ከተዛወረ በኋላ ካሬዎቹ እንዲጠፉ ያደርግና ተማሪው ሸራውንና ምስሉን በእኩል መጠን ጎን ለጎን አቁሞ፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ በዓይኑ ብቻ እንዲያነጻጽር፣ ሲመለስም ከትዝታው እንዲያርም ያዘዋል። አስተማሪው የአገጩን ዝንባሌ በብሩሽ እጀታ ሲለካ፣ ከዚያ የዓይኖቹን መሥመር ከጆሮው ጋር ሲያገናኝ የሚያሳየው ክፍል በኮርሱ ውስጥ ደጋግሜ ካየኋቸው ክፍሎች አንዱ ነው። ይህ ክፍል ለማንኛውም ፊት ይሠራል፤ ለቬርሜር ልጃገረድ ብቻ አይደለም።

ኮርሱ ከሁሉ በላይ የሚበረታው የታችኛውን ሥዕል፣ ማለትም ሌላው ቀለም የሚደረብበትን መሠረት፣ በሚያስተምርበት ክፍል ነው። ሸራው አስቀድሞ በቀጭን ቡናማ ቀለም ይሸፈናል፤ ሲደርቅ ሙሉው ምስል በቡኒ፣ በጥቁርና በጥቂት ነጭ ብቻ ይሠራል። ምንም ሰማያዊ፣ ምንም ቀይ አይነካም። ብዙ ተማሪ ይህን ደረጃ ቶሎ ማለፍ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ልጅቷ ገና «ቀለም የላትም»። አስተማሪው ግን አይቸኩልም። የመጀመሪያው ሥራ ሦስት የብርሃን ደረጃዎችን ብቻ መለየት ነው፦ ብርሃን ያረፈበት፣ መካከለኛውና ጥላው። ዓይንን ከፊል ጨፍኖ ማየትን ያስተምራል፤ ዓይን ሲጠብ ዝርዝሩ ይጠፋና ትላልቆቹ የጥላና የብርሃን ቅርጾች ብቻ ይቀራሉ። እነዚህ ቅርጾች ትክክል ከሆኑ ፊቱ ያለ ዓይንና ያለ ከንፈር እንኳን ሰው ይመስላል፤ ስህተት ከሆኑ ግን በኋላ የሚጨመር ምንም የቆዳ ቀለም አያድነውም። ይህን አባባል ብዙ መምህራን በቃል ይናገሩታል፤ ይህ ኮርስ ግን ተማሪው በእጁ እንዲያረጋግጠው ያደርጋል፤ ምክንያቱም ቀለም ከመግባቱ በፊት ሥዕሉ ለብቻው ቆሞ እንዲታይ ይጠይቃል።

ይህ አሠራር ደግሞ ከቬርሜር ጋር ይስማማል። የ2018ቱ ምርመራ እንዳሳየው ሠዓሊው የጀመረው በተለያዩ ቡኒና ጥቁር ንብብሮች ሲሆን፣ በኢንፍራሬድ ምስል ከላይኛው ለስላሳ ገጽ ሥር ሰፋፊና ፈጣን የብሩሽ ምቶች ታይተዋል። የልጅቷንም ዙሪያ በቀጫጭን ጥቁር መሥመሮች አስምሮ ነበር፤ ከዚያም እየሠራ ሳለ የጆሮዋን ቦታ፣ የጥምጥሙን ጫፍና የማጅራቷን መሥመር ቀይሯል። ይህን ለጀማሪ መንገር ምን ያህል ድፍረት እንደሚሰጥ አስቡት፦ ያ ሁሉ እርጋታ የሚታይበት ሥዕል ከሥሩ ፍለጋና እርማት ያለበት ነው። ኮርሱ የብሩሽ ምቶቹን ነገር ያነሣል፤ የተደረጉትን ለውጦች ግን ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ቢያነሣቸው ኖሮ በመጀመሪያው ክፍል በካሬ የተዛወረውን ንድፍ እንደማይነካ ሕግ ከመያዝ ተማሪውን ነጻ ባወጣው ነበር።

የበስተኋላው ጉዳይ ከሁሉም በላይ የምከራከርበት ነው። ኮርሱ «ጀርባው ጥቁር ነው» ብሎ ጥቁር ቀለም ከጥቂት ቡኒ ጋር ደባልቆ በአንድ ጊዜ እንድንቀባው ያዛል። ዛሬ ሥዕሉን የሚያይ ሰው የሚያየው በእርግጥም ጨለማ ነው። ነገር ግን ቬርሜር ያንን ቦታ የሠራው ጠቆር ባለ ንብብር ላይ አረንጓዴ ግሌዝ በመደረብ ነበር፤ ግሌዝ ማለት በዘይት የቀጠነ፣ እንደ ባለቀለም መስታወት ከሥሩ ያለውን የሚያሳልፍ ቀለም ነው። አረንጓዴውን ያገኘው ከዕፅዋት ከሚወጡ ከብጫና ኢንዲጎ ከሚባለው ሰማያዊ ቀለማት ነው፤ እነዚህም በዘመናት ብዛት ተበላሽተው ቀለማቸው ጠፋ። ምርመራው ከዚህም አልፎ ከበስተኋላ የታጠፈ አረንጓዴ መጋረጃ እንደነበረ አሳይቷል። እንግዲህ ቀጂው ምን ይቅዳ? ከ350 ዓመት በላይ ያረጀውን ገጽታ ወይስ ሠዓሊው ያሰበውን? ለሁለቱም ምርጫ በቂ ምክንያት አለ፤ ሥዕሉን ዛሬ እንዳለ መቅዳት ፈጽሞ ስህተት አይደለም። ሆኖም ለመማር ለሚቀዳ ሰው መንገዱን ማወቅ ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ጊዜ የተቀባ ድፍን ጥቁር ሲደርቅ ደብዝዞ እንደ ግድግዳ ከልጅቷ አጠገብ ይቆማል፤ በጠቆረ ንብብር ላይ የተደረበ ግሌዝ ግን ጥልቀት ይሰጣል፣ የጉንጯም ጠርዝ በውስጡ ሊሰምጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት የኮርሱን ትእዛዝ ትቼ ጥቁሩ ንብብር ከደረቀ በኋላ ብጫና ሰማያዊ ግሌዝ ደርቤበታለሁ፤ ፊቱ ከጀርባው ተለይቶ ወደ ፊት የመጣው ያኔ ነው። ይህን ለማድረግ አንድ ተጨማሪ የማድረቂያ ጊዜና ጥቂት ቀለም ብቻ ያስፈልጋል፤ ኮርሱ ለምን እንዳስቀረው አልገባኝም።

ወደ ቆዳው ስንመጣ ኮርሱ ሁለት ተቃራኒ ባሕርይ ያሳያል። ስለ ጠርዞች የሚያስተምረው ድንቅ ነው። በዚህ ሥዕል ውስጥ የአፍንጫዋን አጥንት በብርሃን በኩል ካለው ጉንጭ የሚለይ መሥመር የለም፤ ሁለቱ በአንድ ብርሃን ውስጥ ተዋሕደዋል። ጀማሪ ሁሉ ያንን መሥመር ይፈጥረዋል፤ አፍንጫ እንዳለ አእምሮው ያውቃልና ዓይኑ ያላየውን እጁ ያሠምራል። አስተማሪው በዚህች ትንሽ ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ እርጥብ ቀለምን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ እንዴት እንደሚያዋሕድ፣ ከዚያ ደግሞ በተቃራኒው የጥላ በኩል ያለውን የአፍንጫ ጠርዝ በምን ያህል ጥንካሬ እንደሚተወው ያሳያል። ለስላሳ ጠርዝ ትርጉም የሚኖረው ጠንካራ ጠርዝ ከጎኑ ሲኖር መሆኑን ከዚህ በተሻለ ያስረዳ ትምህርት አላየሁም።

ስለ ቀለም ድብልቁ ግን እንደዚያ ማለት አልችልም። ኮርሱ የሚያዘው ነጭ ቲታኒየም ነጭ ነው፤ ይህም ተገቢ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ቬርሜር የተጠቀመበት ከሊድ (ከእርሳስ ብረት) የሚሠራው ነጭ መርዛማ በመሆኑ ለጀማሪ አይመከርም። ችግሩ ኮርሱ የሁለቱን ልዩነት አለመናገሩ ነው። የሊድ ነጭ ሞቅ ያለና ብርሃን በጥቂቱ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ቲታኒየም ነጭ ቀዝቃዛ፣ ድፍንና ሌላውን ቀለም ቶሎ የሚውጥ ነው። በኮርሱ በተሰጠው መጠን የተደባለቀ የቆዳ ቀለም ስለዚህ እንደ ኖራ ይነጣል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፦ ነጩን ከታዘዘው ግማሽ ያህል በመጠቀም መጀመር፣ ብርሃኑንም በነጭ ብቻ ሳይሆን ብጫ ኦከር በሚባለው የአፈር ቀለም በጥቂቱ ማሞቅ፣ ንጹሑን ነጭ ደግሞ ለዓይኑ ነጸብራቅ፣ ለአንገትጌውና ለዕንቁው ማቆየት ነው። ኮርሱ በዚህ ቦታ «ይህን ያህል ነጭ፣ ይህን ያህል ቀይ» እያለ የሚሰጠው ቀመር ከሁሉ የደከመው ክፍል ይመስለኛል። ቀመሩ በአስተማሪው መብራት ሥር፣ በአስተማሪው ቀለም ይሠራ ይሆናል፤ ለተማሪው የሚጠቅመው ግን ከጎኑ ካለው ቀለም ጋር ሲነጻጸር ይህ ቦታ የሞቀ ነው ወይስ የቀዘቀዘ፣ የጠቆረ ነው ወይስ የፈካ ብሎ መጠየቅን መልመድ ነው።

አንድ መታረም ያለበት መረጃም አለ። አስተማሪው ቬርሜር ለልጅቷ ሽፋሽፍት እንዳልሣለላት ተናግሮ ከዚህ ተነሥቶ ስለ ውበቷ ረቂቅነት ያብራራል። ይህ ለብዙ ጊዜ ሲነገር የቆየ ነገር ነው፤ የ2018ቱ ምርመራ ግን በሁለቱም ዓይኖች ዙሪያ በባዶ ዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሽፋሽፍቶች እንዳሉ አረጋግጧል። በቅጂው ላይ ለውጥ አያመጣም ይሆናል፤ ዛሬ አይታዩምና። ሆኖም ኮርሱ በአዲስ እትም ሲወጣ ይህ ቢስተካከል መልካም ነው።

የጥምጥሙ ትምህርት አጭርና ጥሩ ነው። ቬርሜር ለዚህ ጨርቅ የተጠቀመበት አልትራማሪን የተባለው ሰማያዊ ቀለም የተፈጥሮ ሲሆን፣ ከአፍጋኒስታን ከሚወጣው ላፒስ ላዙሊ ከሚባለው ድንጋይ የሚዘጋጅ፣ በዘመኑም እጅግ ውድ ቀለም ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ የተገኘው ሰው ሠራሽ አልትራማሪን ነው፤ ለዚህ ቅጂ ፍጹም በቂ ነው። አስተማሪው ጥምጥሙን በእጥፋቱ ብዛት ሳይሆን እንደ ኳስ በሦስት የብርሃን ደረጃ ከፍሎ ይሠራዋል፤ እጥፋቶቹም በመጨረሻ በጥቂት ምት ብቻ ይገባሉ። ስለ ዕንቁው የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ ትዕግሥትን ይክሳል። ዕንቁው ዙሪያ የለውም፤ የሚሰቀልበት ማንጠልጠያም አልተሣለለትም። ከላይ በስተግራ አንድ ወፍራም የነጭ ምት፣ ከታች ደግሞ የአንገትጌውን ነጭ የሚያስተጋባ ደብዛዛ ቀለም ብቻ ነው ያለው፤ የቀረውን የተመልካቹ ዓይን ይሞላዋል። አስተማሪው ተማሪው ዕንቁውን ክብ አድርጎ እንዳያሠምረው አጥብቆ ያስጠነቅቃል። ምርመራውም እንዳሳየው ቬርሜር የሠራው ከኋላ ወደ ፊት ነው፦ ከበስተኋላውና ከፊቷ ቆዳ በኋላ ብጫውን ልብስ፣ ነጩን አንገትጌ፣ ጥምጥሙን፣ በመጨረሻም ዕንቁውን። ኮርሱም ይህንኑ ቅደም ተከተል ጠብቋል፤ አንገትጌው ከጥላው አንገት በላይ በንጹሕ ጠርዝ የተቀመጠበትን ምክንያት ተማሪው በዚህ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ጊዜ ጉዳይ እመጣለሁ፤ እዚህ ላይ ኮርሱን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ልብ ሊል ይገባል። በቪዲዮው ውስጥ አስተማሪው አንዱን ንብብር ቀብቶ «በሚቀጥለው ቀን» ሌላውን ይደርባል። ይህ የሆነው ቀለሙን ከአልኪድ ማድረቂያ ጋር ስለሚቀላቅል ነው፤ ማድረቂያው ግን በቁሳቁስ ዝርዝሩ ላይ እንደ አማራጭ ብቻ ተጽፏል። ያለ ማድረቂያ፣ በተልባ ዘይት ብቻ የሚሠራ ሰው ቡኒው ንብብር በጥቂት ቀናት ሊደርቅለት ይችላል፤ ቡኒ አምበር የሚባለው የአፈር ቀለም በውስጡ ባለው ማንጋኒዝ ምክንያት ቶሎ ከሚደርቁት ነውና። አይቨሪ ጥቁርና ቲታኒየም ነጭ ግን በጣም ይዘገያሉ፣ አንዳንዴ ከሳምንት በላይ ይወስዳሉ። የታችኛው ንብብር ሳይደርቅ ግሌዝ ቢደረብ ቀለሙ ተነሥቶ ይደባለቃል፣ ወይም ላዩ ቀድሞ ደርቆ በኋላ ይሰነጠቃል። ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ሕግ፣ የታችኛው ንብብር ቅባቱ አነስ ያለ፣ ላይኛው ቅባታም መሆን አለበት የሚለው፣ በኮርሱ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ታልፏል። በንብብር ላይ ለተመሠረተ ኮርስ ይህ በጣም ያንሳል።

የደኅንነት ነገርም እንዲሁ በአጭሩ ነው የተነገረው። የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውኃ ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሙቀት ይፈጥራል። በዘይቱ የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ወይም ተከምሮ ቢተው ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ያለ ምንም ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ዘርግቶ ማድረቅ ወይም በውኃ ነክሮ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቀለም ማቅጠኛውን ተርፔንታይን የሚጠቀም ሰውም መስኮት ከፍቶ መሥራት አለበት። ቤት ውስጥ ለብቻው ለሚማር ሰው የተዘጋጀ ኮርስ ይህን በመጀመሪያው ትምህርት፣ በሰፊው ሊናገር ይገባ ነበር።

ከኮርሱ ጋር የሚሰጠው ምስል በጥራት መካከለኛ ነው፤ በጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ተውጧል፤ ቆዳውም ወደ ብርቱካናማ አዘንብሏል። ስለዚህ ይህን ምስል ትቶ ሙዚየሙ ራሱ ለሕዝብ ያቀረበውን ምስል መጠቀም እጅግ ይሻላል። በ10 ቢሊዮን ፒክስል የተነሣ ምስልም በኢንተርኔት ተከፍቶ ሊታይ ይችላል፤ በውስጡ የከንፈሩን ነጸብራቅና የዕንቁውን ምት እስከ ቀለሙ ስንጥቅ ድረስ ማየት ይቻላል። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለኝ፦ አጉልቶ ማየት ለመመርመር እንጂ ለመሣል አይሁን። በስክሪን ላይ ዓይኗን ብቻ አጉልቶ የሚቀዳ ሰው ከፊቱ ጋር የማይስማማ ዓይን ይሠራል። ስክሪን ከራሱ ብርሃን የሚያወጣ ስለሆነ በሸራ ላይ ካለ ቀለም ጋር በቀጥታ ሊወዳደርም አይችልም፤ ጥሩ ሕትመት አውጥቶ ሸራው ካረፈበት ብርሃን ሥር ማቆም የተሻለ ነው።

የአስተማሪው አነጋገር የረጋና የማይሰለች ነው፤ ካሜራውም ሁልጊዜ ፓሌቱን (ቀለም የሚደባለቅበትን ሰሌዳ) እና ሸራውን በአንድነት ያሳያል፤ ይህ ብዙ የሥዕል ቪዲዮዎች የሚጎድላቸው ነገር ነው። ተማሪው የሥራውን ፎቶ ሲልክ በጽሑፍ አስተያየት ይሰጠዋል። የተሰጠኝ አስተያየት በታችኛው ሥዕል ላይ ጠቃሚና ትክክለኛ ነበር፤ በመጨረሻው ደረጃ ግን ከዋናው ጋር የማይመሳሰሉ ቦታዎችን ከመቁጠር አላለፈም። ዓላማው መመሳሰል ብቻ እንደሆነ ተደርጎ የተያዘበት ይህ አመለካከት ነው ኮርሱን ወደ መጨረሻው የሚያደክመው። ፍላንደርሳዊው ሠዓሊ ሩበንስ እ.ኤ.አ. በ1628 እና 1629 በማድሪድ ሳለ የጣሊያናዊውን ሠዓሊ የቲሲያንን «አዳምና ሔዋን» ቀድቷል፤ ሁለቱም ሥዕሎች ዛሬ በዚያው ከተማ በፕራዶ ሙዚየም አሉ። ሩበንስ የቲሲያንን ሐሳብ በሚገባ ይዞ ሳለ የአዳምን አቀማመጥ ለውጧል፣ ዛፉም ላይ ዋናው ላይ የሌለ በቀቀን ጨምሯል። በዚያን ጊዜ እርሱ ጀማሪ አልነበረም፤ በአውሮፓ ከታወቁት ሠዓሊዎች አንዱ ነበር። እየቀዳ የሚጠይቅ ሰው የሚማረው ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ኮርሱ ቢያንስ አንድ ልምምድ፣ ለምሳሌ ብርሃኑ ከቀኝ ቢመጣ ይህ ፊት እንዴት ይሆን ነበር የሚል ጥያቄ ቢያካትት ኖሮ ጥቅሙ በእጥፍ ይጨምር ነበር።

ለዚህ ጉድለት ሌላም ምክንያት አለ። ኮርሱ ራሱን «የፖርትሬት ትምህርት» ይላል፤ ሥዕሉ ግን በሙያው ቋንቋ ትሮኒ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ማለትም የታወቀ ሰው አምሳል እንዲሆን የተሣለ ሳይሆን የፊት ገጽታን፣ ስሜትንና አለባበስን ለማሳየት የተሠራ ምስል ነው። ልጅቷን «አልመሰለችም» የሚል ቤተሰብ የለም። በፖርትሬት ውስጥ ደግሞ ዋናው ፈተና በትክክል ያ ነው፤ ከፊታችን የተቀመጠው ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ይደክማል፣ ብርሃኑ ይለወጣል፣ አፍንጫውም የቬርሜር ልጃገረድ አፍንጫ አይደለም። ከቅጂው ወደ ሕያው ሰው የሚያሻግር አንድም ትምህርት በኮርሱ ውስጥ የለም። የሚከተለውን ለራሴ አድርጌዋለሁ፤ ለሌላውም እመክራለሁ፦ ቅጂው ገና ሳያልቅ፣ የታችኛው ሥዕል ሲደርቅ፣ በአንድ መስኮት አጠገብ ሰው አስቀምጦ በዚያው ሦስት የብርሃን ደረጃ፣ በዚያው ቡኒና ነጭ አንድ ጥናት መሥራት ነው። ያኔ ከቬርሜር የተገኘው ነገር የእርሱ ሥዕል ብቻ ይሁን ወይም ዘዴ ይሁን ወዲያው ይለያል።

በመጨረሻው ቪዲዮ አስተማሪው ቅጂውን ጨርሶ ቫርኒሽ (ገጹን የሚጠብቅ ሽፋን) ይቀባና በላይኛው ግራ ጥግ የቬርሜርን ፊርማ ይጨምራል። ሁለቱንም አታድርጉ። ቀጭን የዘይት ሥዕል እንኳ ለቫርኒሽ ቢያንስ 6 ወር መቆየት አለበት፤ ቀለሙ ውስጡ ሳይደርቅ ቢታሸግ ገጹ ተጣብቆ ይበላሻል። ስለ ፊርማው ደግሞ፣ ለቀጂዎች በሩን እ.ኤ.አ. ከ1793 ጀምሮ የከፈተው የፓሪሱ የሉቭር ሙዚየም ሕግ ግልጽ ነው፦ ቅጂው በመጠን ከዋናው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ መለየት አለበት፣ የዋናው ሠዓሊ ፊርማም አይቀዳም። ቤት ውስጥ በዋናው መጠን የሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን ሕግ ባይከተልም ሁለተኛውን ሊጠብቅ ይገባል። በሸራው ጀርባ ላይ «ከቬርሜር የተቀዳ» ብሎ የራሱን ስምና ዓመቱን በማይጠፋ ቀለም ይጻፍ።